ከዶክትሬት ወደ ማታ ክፍል፦ በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሥነ ፈለክ መምህር ለመሆን

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንዱ እዚህ አሜሪካ የፊዚክስ ወይም የአስትሮኖሚ (የሥነ ፈለክ) ዶክትሬት ጀምሮ መሀል ላይ «ይሄ የእኔ መንገድ አይደለም» ያለ ሰው ነው። ሌላው ከሀገር ቤት የፊዚክስ ማስተርስ ይዞ በዲቪ የመጣ ነው። ዲግሪው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፣ እሱ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው። ሁለቱም ሊገቡበት የሚችሉት አንድ በር አለ። ብዙ ሰው በሩ መኖሩን አያውቅም።

እኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ከምውልበት ምርምር ይልቅ በሳምንት ሁለቴ የማስተምረውን የላብ ክፍል ነበር በጉጉት የምጠብቀው። ማስተርሴን ይዤ ወጣሁ። አባቴ በስልክ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ «እና ዶክተርነቱስ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እናንተም ይህ ጥያቄ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ እንወቅ።

1. ሥራውን እወቁት

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ክፍያው ዝቅ ያለ ነው፣ በሩም በአብዛኛው ለሁሉም ክፍት ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሌጅ በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ተከፈተ። ዛሬ ካሊፎርኒያ ብቻዋን 116 አላት። ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሀበሾች ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ወይም «ኖቫ» የምንለውን የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን እናውቃለን። ከመካከላችን እዚያ ያልተማረ ወይም የተማረ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው።

አስትሮኖሚ በእነዚህ ኮሌጆች በብዛት የሚወሰደው የአጠቃላይ ትምህርት ግዴታን ለማሟላት ነው። ክፍላችሁ ውስጥ የሚቀመጡት የነገ ነርሶች፣ የሂሳብ ሠራተኞች፣ ከወታደርነት የተመለሱ ሰዎችና ልጅ አስተኝተው የመጡ እናቶች ናቸው። ለአብዛኞቹ ይህ በሕይወታቸው የሚወስዱት የመጨረሻ የሳይንስ ኮርስ ነው። ይህን ነገር በቀላሉ አትለፉት። እናንተ ያላሳያችኋቸውን ሰማይ ሌላ መምህር ላያሳያቸው ይችላል።

ምርምር አይጠበቅባችሁም። የምትመዘኑት በማስተማር ነው። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ መምህር በብዙ ኮሌጆች በሴሚስተር 15 ክሬዲት ገደማ ያስተምራል። ያ አምስት ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቢሮ ሰዓት፣ ስብሰባና እርማት አለ። «ትንሽ አስተምሬ የቀረውን ጊዜ ጥናቴን እሠራለሁ» ብላችሁ ከሆነ ይህ ሥራ አይሆናችሁም።

2. ወረቀታችሁን መርምሩ

ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚያስፈልገው የማስተማር ፈቃድ እዚህ አያስፈልግም። ዋናው መስፈርት ማስተርስ ነው። ዶክትሬት ቢኖራችሁ ጥሩ፣ ባይኖራችሁም በሩ አይዘጋም።

ዝርዝሩ እንደየአካባቢው ይለያያል። በካሊፎርኒያ ፊዚክስና አስትሮኖሚ አንድ ዘርፍ ሆነው ተቀምጠዋል። በፊዚክስ፣ በአስትሮኖሚ ወይም በአስትሮፊዚክስ ማስተርስ ያለው ሁለቱንም ማስተማር ይችላል። በፊዚክስ ወይም በአስትሮኖሚ የመጀመሪያ ዲግሪ ኖሮት በምህንድስና፣ በሂሳብ፣ በሜቲዎሮሎጂ ወይም በጂኦፊዚክስ ማስተርስ የያዘም ያሟላል። ኢንጂነሮች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ ሰው ደግሞ ብቃቱ እኩል መሆኑን አስረድቶ ለኮሌጁ ማመልከት ይችላል።

ቨርጂኒያን፣ ጆርጂያንና ቴክሳስን ጨምሮ በደቡብ ግዛቶች ያለው የዕውቅና ሰጪ አካል መመሪያ ሌላ ነው። ወይ በትምህርቱ ማስተርስ፣ ወይ በሌላ ነገር ማስተርስ ኖሮ በትምህርቱ ቢያንስ 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ይጠይቃል። ይህችን 18 ቁጥር ያዙዋት። ትራንስክሪፕታችሁን አውጡና የፊዚክስና የአስትሮኖሚ ኮርሶቻችሁን ለየብቻ ደምሩ። አስትሮኖሚው ከጎደለ ሁለት ሦስት ኮርስ በመጨመር ሊሟላ ይችላል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ራሳችሁን በአስትሮኖሚ ብቻ አትገድቡ። ብዙ ኮሌጆች ለአስትሮኖሚ ብቻ ሙሉ ጊዜ መምህር የመቅጠር አቅም የላቸውም። የሚፈልጉት ማታ አስትሮኖሚ፣ ጠዋት ደግሞ ፊዚክስ አንድ የሚያስተምር ሰው ነው። ፊዚክስ ማስተማር እንደምትችሉ ወረቀታችሁ ካሳየ ዕድላችሁ በጣም ይሰፋል።

ዶክትሬት ላይ ሆናችሁ ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ማስተርሱን ሳትይዙ አትውጡ። በብዙ ፕሮግራሞች ኮርሶቹን ከጨረሳችሁና የሚጠየቀውን ፈተና ካለፋችሁ ማስተርስ ይገባችኋል። ግን ራሳችሁ ቅጽ ሞልታችሁ መጠየቅ ሊኖርባችሁ ይችላል።

3. ዲግሪው ከሀገር ቤት ከሆነ

መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን ማስገምገም አለባችሁ። ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ወይም ኮሌጁ የሚቀበለው ሌላ ገምጋሚ ድርጅት ይሠራዋል። አጠቃላይ ሳይሆን ኮርስ በኮርስ የሚለውን ግምገማ እዘዙ። 18ቱ ክሬዲት የሚቆጠረው ከእሱ ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ በአብዛኛው ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ይፈልጋሉ። እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ብቻውን አይበቃም።

የእኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ቢሮ እስኪወጣ ወራት ወስዷል። እህቴ ስንት ቀን ተመላልሳ፣ ስንት ማኅተም አስመትታ ነው የላከችው። ማስታወቂያ አይታችሁ ከጀመራችሁ አይደርስም። ዛሬ ጀምሩ። ሀገር ቤት ያለ ዘመድ ካለ ውክልና ላኩለት።

የመሥራት ፈቃድም ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ላለው ሰው ችግር የለም። በተማሪ ቪዛ ላላችሁ ግን ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለሥራ ቪዛ ስፖንሰር አይሆኑም። ከማመልከታችሁ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን በቀጥታ ጠይቁ።

4. ከማመልከታችሁ በፊት ክፍል ውስጥ ግቡ

የኮሌጁ ቀጣሪ ኮሚቴ ወረቀታችሁን ሲያገላብጥ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ለጀማሪ አስተምሮ ያውቃል ወይ? ጥሩ የጥናት ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ማስረጃ ሰብስቡ።

ዩኒቨርሲቲ ላይ ያላችሁ፣ ረዳት አስተማሪነቱን እንደ ግዳጅ አትዩት። የላብ ክፍል ብቻ ሳይሆን በክረምቱ (በሰመር) ዕረፍት አንድ ኮርስ በራሳችሁ ስም እንድታስተምሩ ጠይቁ። ሌላ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ አቅራቢያችሁ ካለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የማስጠኛ ማዕከል ጀምሩ። በሳምንት አራት ሰዓት ፊዚክስ ወይም ሂሳብ ማስጠናት ይቻላል። ተማሪው የት ላይ እንደሚጠፋበት እዚያ ታያላችሁ። ፕላኔታሪየም ካለም በበጎ ፈቃድ አግዙ። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የታኮማ ፓርክ ካምፓስ ለምሳሌ ፕላኔታሪየም አለው።

ኮርሱንም ራሳችሁ እንደገና አንብቡት። ዶክትሬት የጀመረ ሰው ኮስሞሎጂ ያውቅ ይሆናል፣ የጨረቃን መልክ መለዋወጥ ግን ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል። ኦፐንስታክስ በነጻ የሚያወጣው የአስትሮኖሚ መማሪያ መጽሐፍ ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ነው። ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። ስቴላሪየም የሚባለውን ነጻ የሰማይ ሶፍትዌርም ጫኑና ተለማመዱት።

5. በአድጀንክትነት መጀመር

ብዙዎቻችን የገባነው በዚህ ነው። አድጀንክት ማለት በኮርስ እየተከፈለው በሴሚስተር የሚቀጠር መምህር ነው። ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ሲቪና ትራንስክሪፕት አያይዙ። የትኞቹን ኮርሶች ማስተማር እንደምትችሉ፣ ማታና ቅዳሜ እንደሚመቻችሁ ግለጹ። መልስ ካልመጣ አትዘኑ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ መምህር ያጣ ክፍል ይኖርና ስልካችሁ ይጮሃል። የእኔ ክፍል ሊጀምር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር የተደወለልኝ።

ስለ ገንዘቡ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ለአንድ ኮርስ የሚከፈለው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። ብዙ ቦታ የጤና መድን የለውም። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ዋስትና የለም። ተማሪ ካልሞላ ክፍሉ ሊሰረዝ ይችላል። በካሊፎርኒያ ሕግ አንድ የትርፍ ሰዓት መምህር በአንድ ዲስትሪክት (በአንድ አስተዳደር ሥር ባሉ ኮሌጆች) ከሙሉ ጭነት 67 በመቶ በላይ ማስተማር አይችልም። ስለዚህ ብዙዎች ከኮሌጅ ኮሌጅ በመኪና ሲሮጡ ይውላሉ።

ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ ያላችሁን ሥራ ሳትለቁ በአንድ የማታ ኮርስ ጀምሩ። እኔ ሁለት ኮሌጅ ላይ አራት ኮርስ ይዤ የጀመርኩት ስህተት ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ተማሪዎቼም የሚገባቸውን አላገኙም። ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስንት ዓመት ልትሞክሩ እንደምትችሉ ተነጋገሩ። ሙሉ ጊዜ ቦታ እስኪገኝ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

በእነዚህ ዓመታት የሚከማቸው ነገር ግን ዋጋ አለው። የተማሪ ግምገማችሁን፣ ያዘጋጃችሁትን ሲላበስ (የኮርስ ዕቅድ)፣ የሠራችሁትን የላብ መመሪያ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ኃላፊው ክፍላችሁ ገብቶ እንዲያያችሁ ጋብዙት። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ እሱ ነው።

6. ለሙሉ ጊዜ ማመልከት

ማስታወቂያዎቹ በብዛት የሚወጡት ከሴፕቴምበር ገደማ እስከ ማርች ነው። ሥራው የሚጀምረው ኦገስት ላይ ነው። ሃየር ኤድ ጆብስን፣ የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን የሥራ መዝገብና የአሜሪካ የአስትሮኖሚ ማኅበርን የሥራ ገጽ ተከታተሉ።

የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ የሰው ስህተት ይበዛል። የዶክትሬት ሰው ሦስት አንቀጽ ስለ ምርምሩ ይጽፍና መጨረሻ ላይ «ማስተማርም እወዳለሁ» ይላል። ገልብጡት። ማስታወቂያው ላይ ያሉትን መስፈርቶች አንድ በአንድ አውጡና ለእያንዳንዳቸው ከክፍላችሁ የመጣ ምሳሌ ስጡ። «ንቁ ትምህርት እጠቀማለሁ» አትበሉ። ምን ጠየቃችሁ? ተማሪዎቹ ምን ብለው መለሱ? ቀጥሎ ምን ቀየራችሁ? ምርምራችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት።

ዕቅድ ለምን እንደቀየራችሁ ይጠይቋችኋል። እውነቱን ተናገሩ፣ አጭር አድርጉት፣ አትፈሩበት። «ዶክትሬት ጀምሬ ነበር፤ በሥራዬ ከሁሉም የምወደው ማስተማሩን እንደሆነ ስረዳ ማስተርሴን ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስምንት ክፍል አስተምሬያለሁ» ይበቃል። ኮሚቴው የሚሰጋው ሥራውን እንደ መጠባበቂያ ይዞ ነገ ጥሎ የሚሄድ ሰው እንዳይሆን ነው። ያስተማራችኋቸው ክፍሎች ያንን ስጋት ያስወግዱታል።

7. የማሳያ ትምህርቱ

ሥራው የሚገኘውም የሚታጣውም እዚህ ነው። ለኢንተርቪው ከተጠራችሁ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን የማሳያ ትምህርት እንድትሰጡ ይጠይቋችኋል። የኮሚቴው አባላት እንደ ተማሪ ይቀመጣሉ። ርዕሱ ቀላል ይመስላል፤ ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ፣ የጨረቃ መልክ ለምን ይለዋወጣል፣ ከኮከብ ብርሃን ሙቀቱን እንዴት እናውቃለን።

ትልቁ ስህተት ሃያ ስላይድ ይዞ ገብቶ ሳያቋርጡ መናገር ነው። የጨረቃን ርዕስ እኔ እንዴት እንደማደርገው ላሳያችሁ።

ከመናገሬ በፊት እጠይቃለሁ። ጨረቃ ግማሽ ሆና የምትታየን ለምንድን ነው? ሀ፣ የመሬት ጥላ ስለሚያርፍባት። ለ፣ ደመና ስለሚሸፍናት። ሐ፣ ፀሐይ ካበራችው ፊቷ የምናየው ክፍል ስለሚለያይ። በጣት ድምፅ ስጡ እላለሁ። አብዛኛው ሰው «ሀ» ይላል። ልክ ነው ወይም ስህተት ነው አልልም። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር አንድ ደቂቃ ተከራከሩ እላለሁ።

ከዚያ መብራት አጠፋለሁ። መሀል ላይ ሽፋን የሌለው አምፖል አለ። ለእያንዳንዱ ሰው እርሳስ ላይ የተሰካ ነጭ የፎም ኳስ እሰጣለሁ። አምፖሉ ፀሐይ፣ ኳሱ ጨረቃ፣ የእናንተ ጭንቅላት መሬት ነው። እጃችሁን ዘርጉ፣ ኳሱን ከራሳችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ዙሩ። መጀመሪያ ቀጭን ማጭድ ይታያል። ሩብ ዙር ሲሆን ግማሽ። አምፖሉ ከጀርባ ሲሆን ሙሉ። የኳሱ ግማሽ ሁልጊዜ እንደበራ ነው፤ የተለወጠው የሚታያችሁ ክፍል ብቻ ነው። አሁን ኳሱን ዝቅ አድርጉትና የራሳችሁ ጥላ ይረፍበት። ይህ ነው ግርዶሽ። ጥላ የሚመጣው ያኔ ብቻ ነው።

መብራት አብርቼ ያንኑ ጥያቄ እደግማለሁ። ጣቶቹ ወደ «ሐ» ይዞራሉ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ኮሚቴው ተማሪ ሐሳቡን ሲቀይር በዓይኑ አየ። እነሱም የሚፈልጉት ይህን ነው።

ቤት ውስጥ ሰዓት ይዛችሁ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተለማመዱት። ፊዚክስ ለማያውቅ ሰው አሳዩት። እኔ ለባለቤቴና ለጎረቤቶቻችን ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ነበር የማሳየው። የማይገባቸውን ሲጠይቁ ቀዳዳዬ ሁሉ ታወቀ። አምፖሉንም ማራዘሚያ ገመዱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ክፍሉ ውስጥ ይኖራል ብላችሁ አትመኑ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ዕውቀት ለዚህ ሥራ ሀብት ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት የተማረ ሰው፣ በስሌቱ ውስጥ ያሉት አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ ያውቃል። የፀሐይ ዓመት ከአሥራ ሁለት የጨረቃ ወር በ11 ቀን እንደሚበልጥም ያውቃል። ያ የጨረቃ 29 ቀን ተኩል ዑደት ሂሳብ ነው። ወቅቶችንም ተመልከቱ። ትምህርት ቤት ሳለን የፈረንጆቹን ሞቃት ወቅት «ክረምት» ብለን ተረጎምን። የእኛ ክረምት ግን ዝናብና ብርድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል። ሜሪላንድ ላይ ግን መቼም አናት ላይ አትደርስም። ተማሪዎች ወቅት የሚለወጠው መሬት ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ይመስላቸዋል። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃኑዋሪ መጀመሪያ ነው፣ ሜሪላንድ በብርድ ስትንቀጠቀጥ። ሁለት ሰማይ ያየ መምህር የመሬት ዛቢያ ማዘንበል የሚያመጣውን ለውጥ ከራሱ ሕይወት መናገር ይችላል።

8. ስለ አክሰንት

ብዙ ሀበሻ «በዚህ እንግሊዝኛዬ ማን ያዳምጠኛል?» ብሎ ሳያመለክት ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል። ክፍላችሁ ውስጥ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ግልጽ መሆን ግን ግዴታ ነው። አዲስ ቃል ስትጠሩ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። በአጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሃያ ደቂቃ ራሳችሁን ቅረጹና አዳምጡ፤ እኔ ያወቅኩት ችግሬ አክሰንቴ ሳይሆን ፍጥነቴ መሆኑን ነው።

9. የመጀመሪያው ሳምንት

ሥራውን አግኝታችሁ ሴሚስተሩ ሲጀምር፣ ስማቸውን አጥኑ። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ትንሽ ፈተና ስጡ፣ ማን እንደሚቸገር ሳይረፍድ ታውቃላችሁ። የኮሌጁ የምክር፣ የምግብ ዕርዳታና የማስጠኛ ቢሮዎች የት እንዳሉ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። በመስከረም አጋማሽ የሚጠፋ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን የሥራ ፈረቃው ተቀይሮበት ነው። ኢሜይል ላኩለት። አንድ መስመር ይበቃል።

ሰማዩ የጠራ ምሽት ሲገኝ ደግሞ ወደ ፓርኪንጉ ይዛችኋቸው ውጡ። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብን እንዲፈልጉና ከአድማስ ስንት ቡጢ እንደሚርቅ እንዲለኩ ንገሯቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አራት ቡጢ ገደማ ይሆናል፤ የኮከቡ ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፣ የዚያ ኬክሮስ ደግሞ 39 ዲግሪ ነውና። ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪዬ «እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ እሷስ ስንት ቡጢ ታገኛለች?» አለችኝ። አንድ እንኳን አይሞላም፣ 9 ዲግሪ ነው አልኳት። ፒያሳ ከሆነች ከእንጦጦ ጋራ ትንሽ ከፍ ብሎ ታየዋለች፣ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ከሆነች ግን ጋራው ሊከልልባት ይችላል። ልጅቷ ያን ሌሊት ደወለች። በሚቀጥለው ክፍል እናቷ ፊቷን ወደ እንጦጦ አዙራ ቡጢዋን ዘርግታ የቆመችበትን ፎቶ ለሁላችንም አሳየችን።